በቤተ ክርስቲያን ቅጥር አበባን ከዘር ስለ ማብቀል

በደብረ ሲና፥ በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ለዚህ ለደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ከመምህራኑ አንዱ ስለ ዜማ፥ ሌላው ስለ ደብሩ ታሪክ እንዲናገር ሲታዘዝ እኔ ስለ አበባ እንድናገር ታዘዝሁ። ይህን የሰሙ አንዳንድ ወዳጆቼ «ዕድሜውን በቅኔ ቤት የፈጀ ሰው ምነው ወደ አትክልተኛነት ወረደ» ብለው ቀለዱ። ነገር ግን አዳም በገነት በተቀመጠ ጊዜ የታዘዘው ሥራ ገነትን ማበጀትና መጠበቅ እንደ ነበረ መጻሕፍት ይነግሩናል። እንግዲህ አትክልተኛነት ከሹመቶች ሁሉ የቀደመ ሹመት ነውና፥ ወረደ የሚሉኝን ወዳጆቼን ወጣ ብትሉኝ ይሻላል እላቸዋለሁ።

የምናገርበትም ምክንያት ይህ ነው። በየዓመቱ ለንግሥ በዓል ቤተ ክርስቲያናችንን የምናስጌጥበት አበባ ከ2 ወገን ይመጣል። አንደኛው ከሱቅ የሚገዛው የፕላስቲክ አበባ ነው፤ ሁለተኛው ከሜዳው በእቅፍ በእቅፍ እየታጨደ የሚመጣው አደይ አበባ ነው። የመጀመሪያው ጥቂት ወራት ቆይቶ በፀሐይ ይነጣል፥ በአቧራ ይሸፈናል፥ በኋላም ከቅጥሩ ሥር ተጥሎ የማይበሰብስ ጉድፍ ይሆናል። ሁለተኛው ደግሞ ፍሬውን ሳያፈራ ስለሚታጨድ የከርሞውን አበባ ይዞ ይሞታል። ሜዳውም እንደ ቀድሞው ሰፊ አይደለም፤ ሰው በዝቷል፥ ማረሻውም እስከ ገደሉ አፋፍ ደርሷል። ልጆች ለእንቍጣጣሽ የሚቀጥፉት አንድ እፍኝ ሜዳውን አይጎዳውም፤ ደብሩ ሁሉ በጭነት ሲያሳጭድ ግን ይጎዳዋል።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። አደይ አበባ የንብ መሰማሪያ ነው። ንብ የሚያነቡ ሰዎች እንደሚያውቁት በጥቅምትና በኅዳር በደጋው የሚቆረጠው ማር ብዙው ከአደይ አበባና ከኑግ አበባ የተቀሰመ ነው። ከማሩም ጋራ ሰም ይገኛል፤ ከሰሙም ጧፍ ይሠራል፤ ጧፉም በመቅደስና በቅኔ ማኅሌት ይበራል። እንግዲህ በመስከረም ሜዳውን ያለ ልክ ስናጭድ የጧፋችንን ሰም ከምንጩ እየቀነስን እንደ ሆነ እናስተውል። የፕላስቲኩን አበባ ግን ንብም አይቀርበው፤ ሰምም የለው፥ ወርቅም የለው።

ስለዚህ ዛሬ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ለቤተ ክርስቲያናችን የሚሆነውን አበባ እኛው ራሳችን ከዘር አብቅለን በመንገዱ ዳርና በጣሳ እንድናሳድግ ነው። አሠራሩንም ቀጥዬ በየተራው እናገራለሁ።

ቤተ ክርስቲያናችን ለአበባ ወራት ለይታለች። ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለው 40 ቀን ዘመነ ጽጌ ይባላል። በዚህም ወራት አባ ጽጌ ድንግል የደረሰው ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል፤ የእመቤታችንን ከልጅዋ ጋራ ወደ ግብፅ መሰደድ ከአበባ ምሳሌ ጋራ እያስተባበርን እናስባለን። ካህናቱ ሌሊቱን ሁሉ ስለ አበባ ሲዘምሩ አድረው ሲነጋ ከቅኔ ማኅሌት በሚወጡበት ጊዜ ዐይናቸው የሚያርፍበት ግን ጭቃና የተረገጠ ሣር ነው። በአፍ የሚመሰገነው አበባ በዐይን የማይታይ ከሆነ፥ ምሳሌውን የሚማር ሕፃን ምሳሌውን ከምን ያውቀዋል? በቅኔ ቤት እንኳ ተማሪው ቅኔ ሊቈጥር ሲሻ ከጎጆው ወጥቶ ወደ ዱርና ወደ ወንዝ ዳር ይሄዳል፤ ሰሙን ከሚያየው ፍጥረት ካላገኘ ወርቁን የሚያኖርበት የለውምና።

የከተማችንም ስም ይህን ያሳስበናል። ደብረ ሲና የተባለችው በዚያ ሙሴ የእግዚአብሔርን ክብር ባየበት ተራራ ስም ነው። በዚያም ተራራ ሙሴ አስቀድሞ ያየው በእሳት መካከል ሳለች ያልተቃጠለችውን ዕፀ ጳጦስን ነው፤ መምህራንም ለእመቤታችን ምሳሌ አድርገው ይተረጕሟታል። እንግዲህ በደብረ ሲና ስም የምንጠራ ሰዎች ለአንዲት ቅጠል መጠንቀቅ አይከብደንም።

ወደ ሥራው ነገር ልመለስ። አበባ በዕድሜው ልዩ ልዩ ነው። ጽጌረዳ በአንድ ሥር ብዙ ዓመት ይኖራል። ዓመታዊ የሚባሉት አበቦች ግን በአንድ ዓመት ውስጥ በቅለው፥ አብበው፥ አፍርተው፥ ዘራቸውን ጥለው ይሞታሉ። አደይ አበባ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ወገኑም ከሱፍና ከኑግ ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት ወገኑን ቢደንስ ይሉታል፤ ትርጓሜውም በላቲን ቋንቋ «ባለ ሁለት ጥርስ» ማለት ነው፤ ፍሬው በጫፉ እንደ ጥርስ ያለ መያዣ ስላለው ነው። በመንዝ በጓሳ ተራራ የሚታየው ጅብራም ምንም ብዙ ዓመት ቢኖር፥ የሚያብበው አንድ ጊዜ ነው፤ ካበበም በኋላ ይሞታል። ዕድሜው ቢረዝምም ቢያጥርም ፍጻሜው ዘርን መተው ነውና ሁለቱ በዚህ ነገር ይመሳሰላሉ።

ለመንገድ ዳርና ለጣሳ የሚመረጡት አጫጭርና ጥቅጥቅ ብለው የሚያድጉት ናቸው። ስለ ምን ቢባል፥ ከጣርማ በር የሚወርደውን ነፋስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከተማችን ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ባለው ቁልቁለት ላይ የተቀመጠች ናትና ረዥምና ቀጭን አገዳ ያለው አበባ በአንድ ሌሊት ነፋስ ይወድቃል። ደግሞ በጣሳ ያለ አፈር ጥቂት ስለ ሆነ ሥሩ የሚዘረጋበት ስፍራ የለውም፤ አጭሩ አበባ ግን በጥቂት አፈር ይበቃዋል። በመንገድ ዳርም ሲተከል የሚያልፈውን ሰው አይጋርድም፥ ከኋላው ያለውንም መቃብርና ዛፍ አይሸፍንም።

ከባሕር ማዶ ከመጡት ውስጥ ለእኛ የሚስማሙትን 5 ብቻ እጠራለሁ። መጀመሪያው ማሪጎልድ ነው፤ አጭሩ ዐይነት ከ15 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ መልኩ ብጫና ብርቱካንማ ነው፤ አገሩም ሜክሲኮና በዙሪያው ያለው ምድር ነው። ለጀማሪ ከዚህ የሚቀል የለም። ሁለተኛው ፔቱኒያ ነው፤ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን የትምባሆና የድንች ዘመድ ነው፤ ስሙም በዚያ አገር ሰዎች ቋንቋ ትምባሆ ከሚባልበት ቃል የመጣ ነው። ሦስተኛው አሊሱም ነው፤ ቁመቱ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ነጭ ምንጣፍ ይመስላል፥ ሽታውም እንደ ማር ነው፥ ንብም ይወደዋል። አራተኛው ሎቤሊያ ነው፤ ትንሽና ሰማያዊ አበባ ያለው የደቡብ አፍሪቃ ተወላጅ ነው፤ ያ በተራራችን ላይ እንደ ምሰሶ የሚቆመው ጅብራ የዚህ የጣት ቁመት ዘመድ እንደ ሆነ ብታውቁ ትደነቃላችሁ። አምስተኛው ናስተርሺየም ነው፤ ፍሬው የሽምብራ ያህል ስለ ሆነ ለሕፃን እጅ ይመቻል፤ ለም ያልሆነ አፈርም ይበቃዋል፤ አፈሩ ከለማለት ቅጠል ያበዛል እንጂ አበባ ያሳንሳል። ሲገዛም ሐረጉ የማይሳበውን አጭሩን ዐይነት መምረጥ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን የራሳችንን አደይ አበባ አስቀድማለሁ። እርሱ በለማ አፈር እስከ አንድ ሜትር ሊረዝም ይችላል፤ ነገር ግን ፍግ ባልበዛበት አፈር ቢዘራ፥ ቡቃያውም 3 ጥንድ ያህል ቅጠል ባወጣ ጊዜ ጫፉ ቢቀነጠብ ከጎን ቅርንጫፍ እያበዛ አጠር ብሎ ይሰፋል። እንዲሁ ይሆን ዘንድ ምክንያቱ ይህ ነው፤ የጫፉ እምቡጥ ሳለ የጎኖቹን እምቡጦች ይገዛቸዋል፤ እርሱ ሲነሣ እነዚያ ያድጋሉ። በገዳም አበ ምኔቱ ሲያርፍ ደቀ መዛሙርቱ በየአገሩ ወጥተው እንደሚያስተምሩ ነው።

አሁን አዘራሩን ልንገራችሁ። አፈሩ 2 እጅ የተነፋ የእርሻ አፈር፥ 1 እጅ ፈጽሞ የበሰበሰ ብስባሽ፥ 1 እጅ የወንዝ አሸዋ ይሁን። ያልበሰበሰ ፍግ ለጋውን ሥር ያቃጥላልና አይግባበት። ለዘር ማብቀያ በሚሆነው አፈር ላይ የፈላ ውሃ አፍስሶ ማቀዝቀዝ መልካም ነው፤ የአረም ዘርና የበሽታ ሻጋታ ይቀንሳል። ለዕቃውም አዲስ ነገር መግዛት አያሻም፤ የተጣለ ጣሳ፥ የተሰነጠቀ ባልዲ፥ ከወገቡ የተቈረጠ የዘይት ጀሪካን ይበቃል። በዕቃው ታች 4 ወይም 5 ቀዳዳ ይበሳ። ብዙ ሰዎች ውሃው እንዲወርድ ብለው ከታች ጠጠር ይሞሉበታል፤ ይህ ግን አይጠቅምም፤ ውሃው ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ውስጥ ቆሞ ይቀራል፥ የሥሩም ስፍራ ይጠባል። በቀዳዳው ላይ አንድ የገል ስባሪ ማኖር ይበቃል።

ዘሩ ምን ያህል ይቀበር ለሚል፥ ደንቡ የፍሬውን ውፍረት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ማሪጎልድ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል፥ ናስተርሺየም ግን ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ይቀበራል። የፔቱኒያና የሎቤሊያ ዘር ግን እንደ ትቢያ ነው፤ የፔቱኒያ ዘር በ1 ግራም ውስጥ እስከ 10,000 ይደርሳል። ይህን የመሰለ ዘር ለመብቀል ብርሃን ይሻልና አይሸፈንም፤ ከደረቀ ደቃቅ አሸዋ ጋራ ቀላቅሎ በአፈሩ ፊት ላይ መበተንና በመዳፍ ቀስ ብሎ መጫን ብቻ ነው። ውሃውንም ከላይ ቢያፈሱበት ዘሩ ታጥቦ በአንድ ጥግ ይከማቻል፤ ስለዚህ ጣሳውን ውሃ ባለበት ሳሕን ላይ አስቀምጦ ከታች እንዲጠጣ ማድረግ ነው። ለትልልቁ ፍሬ ደግሞ ክዳኑ በምስማር የተበሳ ቆርቆሮ መልካም የውሃ ማጠጫ ይሆናል።

በሌሊት አገራችን ብርድ ነውና የተዘራውን ጣሳ እሳት በሚነድበት ቤት አሳድሮ ቀን ወደ ብርሃን ማውጣት ይገባል። በላዩም ስስ ላስቲክ ቢለብስ ሙቀትና እርጥበት ይይዛል። ማሪጎልድ ሙቀት ባገኘ ጊዜ ከ5 እስከ 8 ቀን፥ ፔቱኒያ ከ7 እስከ 14 ቀን፥ ሎቤሊያ ከ14 እስከ 20 ቀን ድረስ ይበቅላል። በበቀለ ቀን ላስቲኩ ይነሣ፤ ቢቆይ ግን አየር በማጣት ሻጋታ ይይዘዋል። ማታ ቆሞ የነበረው ቡቃያ ጧት ከአፈሩ ጋራ በሚገናኝበት ስፍራ ቀጥኖና ጠቍሮ ወድቆ የምናገኘው ከዚህ የተነሣ ነው። ጉም በሚበዛበት በእኛ አገር ይህ በሽታ ብርቱ ነው፤ መድኃኒቱም ዘርን አራርቆ መዝራት፥ ውሃን ማሳነስ፥ ንጹሕ አየር መስጠት ነው። ከያዘው በኋላ የሚያድነው ነገር የለም።

ቡቃያው ከመጀመሪያዎቹ 2 የዘር ቅጠሎች በኋላ 2 እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ወደ ሌላ ጣሳ ይዛወራል። በዚህም ጊዜ ከቅጠሉ ይያዝ እንጂ ከአገዳው አይያዝ፤ ቅጠል ቢቀደድ ሌላ ይተካል፥ አገዳው ቢቀጠቀጥ ግን ይሞታል። ናስተርሺየም ብቻ መነቀልን ስለማይወድ በሚኖርበት ስፍራ ይዘራ። የቀሩት ወደ ሜዳ ከመውጣታቸው በፊት ከ7 እስከ 10 ቀን ድረስ ቀን በውጭ ሌሊት በቤት እያደረጉ ብርዱንና ነፋሱን ማስለመድ ይገባል። ከዚህ በኋላ በመንገዱ ዳር በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይተከሉ፤ በባልዲም 3 ችግኝ ይበቃል።

ሥራው ሁሉ ከበዓሉ ቀን ወደ ኋላ እየተቈጠረ ይጀመር። ለመስቀልና ለዘመነ ጽጌ እንዲደርስልን ፔቱኒያና ሎቤሊያ በሰኔ 15 ቀን ይዘሩ፤ ከዚያ ቀን እስከ መስከረም 17 ቀን 97 ቀን ነው። ማሪጎልድ በሐምሌ 1 ቀን ይዘራ፤ 81 ቀን ያገኛል። አሊሱም ፈጣን ነውና በሐምሌ 15 ቀን ቢዘራ 67 ቀኑ ይበቃዋል። በሞቃት አገር ከዚህ ባነሰ ቀን ያብባሉ፤ ብርዱና ጉሙ ስለሚያዘገያቸው ግን ትርፍ ቀን ጨምሬላቸዋለሁ። ለጥምቀት የሚሻ ሰው ደግሞ ይጠንቀቅ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ በጣርማ በርና በደብረ ብርሃን ሜዳ የሚወርደው ውርጭ ማሪጎልድንና ናስተርሺየምን ይገድላል። አሊሱም ቀላል ውርጭን ይችላልና ለዚያ ወራት እርሱን ይምረጥ፤ በጣሳ ያለውንም ማታ ወደ ቤት ያግባ።

ካበበም በኋላ ሥራው አያልቅም። ዓመታዊ አበባ የሚኖረው ዘርን ለመተው እንደ ሆነ ተናግሬአለሁ። ስለዚህ የጠወለገው አበባ በየጊዜው ሲቀጠፍ፥ ዘሩን ገና አልፈጸመምና እንደ ገና ያብባል። ካልተቀጠፈ ግን ሥራውን ጨርሷልና ይደርቃል። ከመስከረም እስከ ኅዳር አበባ እንዲያዘልቅልን የምንፈልግ ከሆነ በሳምንት አንድ ጊዜ፥ ቢሆን ቅዳሜ ጧት፥ የጠወለገውን መልቀም ነው። ነገር ግን በመጨረሻው ወር ከሁሉ ያጠሩትን፥ ከሁሉ ያማሩትንና ጤና ያላቸውን ጥቂቶች መርጠን ሳንቀጥፍ እንተው፤ እነርሱ ለዘር ናቸው።

የዘሩ ነገር ከሁሉ የከበረ ነው። በከተማ ሱቅ የሚሸጠው ዘር አንዳንዱ ኤፍ 1 ዲቃላ ይባላል፤ ከ2 ልዩ ልዩ ወላጆች የተዳቀለ ስለ ሆነ በመጀመሪያው ዓመት እጅግ ያምራል፤ ከእርሱ የተለቀመው ዘር ግን ወላጁን አይመስልም፥ አንዱ ይረዝማል፥ አንዱም መልኩን ይለውጣል። እንዲህ ያለውን የገዛ ሰው በየዓመቱ ሲገዛ ይኖራል። ዲቃላ ያልሆነውን ዘር የገዛ ግን አንድ ጊዜ ገዝቶ እየለቀመ ብዙ ዓመት ይዘራል። ደግሞ ድርብ ቅጠል ካለው አበባ ነጠላውን መምረጥ ይገባል፤ ድርቡ ለሰው ዐይን ቢያምርም ንብ ወደ ማሩ የምትገባበትን መንገድ ይዘጋባታልና።

ዘሩም የሚለቀመው በደረቅ ቀን ረፋድ ላይ፥ የአበባው ራስ ቡናማ በሆነ ጊዜ ነው። በወረቀት ላይ በጥላ ስር ለ2 ሳምንት ይድረቅ፥ ከዚያም በወረቀት ተጠቅልሎ፥ ስሙና ዓመተ ምሕረቱ ተጽፎበት፥ በደረቅና በቀዝቃዛ ስፍራ ይቀመጥ። የአደይ አበባም ዘር ከሜዳ ሲለቀም ካገኘነው ከሦስት አንዱን ብቻ እንውሰድ፤ ሁለቱ እጅ ለሜዳው ይቅር።

ይህ ዘርን ከስፍራ ወደ ስፍራ የማሻገር ነገር ለአገራችን አዲስ አይደለም። በአጠገባችን ያለውን የወፍ ዋሻን ደን ታውቃላችሁ። በአባቶች ሲነገር እንደምንሰማው ደብረ ብርሃንን የቈረቈሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስለቅመው ከአዲስ አበባ በምዕራብ በኩል ያለውን የመናገሻን ደን አስተከሉ ይባላል። የንጉሡ ስም «የያዕቆብ ዘር» ማለት ነው፤ ዘርም ተባለ፥ ዘርም ዘራ። በኋላም ዘመን፥ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በፍል ውሃ አጠገብ ለተቈረቈረችው ከተማ ስም ሲያወጡላት አዲስ አበባ አሏት። የሸዋ ነገሥታት መንግሥታቸውን ከአንኮበር አንሥተው የሄዱባት ከተማ በአበባ ስም ስትጠራ፥ የአንኮበር ጎረቤት የሆንነው እኛ ቅጥራችንን በፕላስቲክ ማስጌጣችን ያስተዛዝባል።

ዛሬም ኢትዮጵያ አበባን ወደ ውጭ አገር በመላክ ከአፍሪቃ ከኬንያ ቀጥላ የምትገኝ ናት። በዝዋይና በሆለታ ጽጌረዳ ይመረታል፤ በቆቃ አጠገብም በአውሮፓ ሰዎች መስኮትና ደጅ በጣሳ የሚተከሉት የእነዚሁ የአጫጭሮቹ አበቦች ቅንጣቢ እየተዘጋጀ በአውሮፕላን ይሄዳል። የአገራችን አፈርና የአገራችን እጅ ለሌላው ደጅ ካበቃ፥ ለገዛ ደጀ ሰላማችን እንዴት ያንሳል?

አሁን ደግሞ የሚቃወሙኝን ልስማ። አንዳንዱ «ይህ ከንቱ ጌጥ ነው፤ ገንዘቡ ለድኃ ቢሰጥ ይሻላል» ይላል። ነገሩ እውነተኛ ጥያቄ ነውና አልንቀውም። ነገር ግን እኔ የምለው ሥራ ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም፤ ጣሳው የተጣለ፥ አፈሩ የራሳችን፥ ዘሩም ከአንድ ዓመት በኋላ የራሳችን ነው። ገንዘብ የሚወጣው በፕላስቲኩ ነው። እንዲያውም የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ትርፉን ችግኝ ለየቤቱ ቢሸጡ ገንዘቡ ለነዳያን ምጽዋት ሊሆን ይችላል።

ሌላው «በበጋ ውሃው ከወዴት ይመጣል» ይላል። እንቍጠረው፤ 40 ጣሳ ቢኖረን፥ ለአንዱም በቀን ግማሽ ሊትር ብናጠጣ፥ የሁሉም ድምር 20 ሊትር ነው፤ ይህም አንድ ጀሪካን ነው። እህልና አትክልት የታጠበበት ውሃ እንኳ ለዚህ ይበቃል።

ሌላውም «ለአበባው መደብ ዛፍ ሊቈረጥ ነው» ብሎ ይፈራል። ይህን ፍርሀት እኔም እፈራዋለሁ። የቤተ ክርስቲያን ዐፀድ ጥድና ወይራ፥ ኮሶና ዝግባ ከሌላው ምድር ሲጠፋ የተጠለለበት ስፍራ ነውና፥ ለአበባ ብሎ አንዲት ቅርንጫፍ የሚቈርጥ ሰው ቢኖር አበባው ይቅር። አበባው የሚተከለው ፀሐይ በሚያገኘው በመንገዱ ጠርዝ፥ በደረጃው ዳርና በጣሳ ብቻ ነው።

የሚያስጠነቅቀኝም አንድ ነገር አለ። ከውጭ የመጣ ያማረ ሁሉ አይተከልም። በጣና ላይ ተንሰራፍቶ ዓሣ አጥማጁንና ታንኳውን ያስጨነቀው እምቦጭ፥ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ሆኖ በዓለም ሁሉ የተበተነው ብዙውን ጊዜ ስለ አበባው ማማር ነው። ስለዚህ ጠባዩ ያልታወቀ እንግዳ ዘር ወደ ቅጥራችን አይግባ፤ የተዘራውም ከመደቡ ወጥቶ በሜዳው ሲበቅል ቢታይ ይነቀል።

በመጨረሻም ስለ መቃብሮቻችን አንድ ቃል ልናገር። በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከዚህች ከተማ በደረሰ ጊዜ ብዙ ሰው ያልታጨደ እህሉን ጥሎ ተሰደደ። ያን ወራት የማያስታውስ በመካከላችን የለም። ጊዜው ዘመነ ጽጌ ካለፈ ጥቂት ቀን ሳይቈይ ነበርና፥ ስለ ስደት የዘመርነው መዝሙር ከአፋችን ሳይደርቅ ስደቱ በእኛ ደረሰ። ዛሬ በቅጥራችን ካረፉት መካከል ልጆቻቸውና እናቶቻቸው በየበዓሉ መጥተው የፕላስቲክ አበባ የሚያኖሩላቸው አሉ። እኔ የሐዘንተኛን ልብ አልወቅስም፤ ያገኘውን አኖረ። ነገር ግን ያ የፕላስቲክ አበባ ለሐዘንተኛው የሚነግረው ነገር የለም፤ አልሞተም፥ አይነሣምም። በመቃብሩ ራስጌ የተዘራ አንድ አደይ አበባ ግን በኅዳር ይደርቃል፥ ዘሩን ይጥላል፥ በጋውን ሁሉ የሞተ ይመስላል፤ ክረምት ሲመጣ ግን ማንም ሳይዘራው ይበቅላል፤ በመስከረምም ያብባል። ስለ ትንሣኤ በብዙ ቃል የምንሰብከውን እርሱ በዝምታ ያስተምራል።

እንግዲህ የማሳስበው ይህ ነው። በደብራችን 40 ቤተ ሰብ በፈቃዱ ይነሣ፤ እያንዳንዱም አንድ ጣሳ ይያዝ፤ ይኸውም ለዘመነ ጽጌ 40 ቀን በቀን አንድ ጣሳ ማለት ነው። በሰኔ አጋማሽ ዲያቆናቱና የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ዘሩን በአንድነት ይዝሩ፥ ችግኙንም ለየቤቱ ያድሉ። እናቶቻችን በየቤታቸው ያሳድጉት፤ በመስከረም 26 ቀን ዋዜማ ሁሉም ጣሳውን ይዞ መጥቶ ከደጀ ሰላሙ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ ያሰልፍ። በኅዳርም ዘሩ ተለቅሞ አንድ እጁ በደብሩ ዕቃ ቤት ይቀመጥ፥ ሌላው እጅ ለአጎራባች ደብር በስጦታ ይሂድ።

ይህን ብናደርግ ከዚህ በኋላ ባለው ኢዮቤልዩ በዚህ ስፍራ የሚቆሙት ልጆቻችን ከእኛ የተቀበሉት ቅርስ ከመጻሕፍቱና ከንዋየ ቅድሳቱ ጋራ በወረቀት የተጠቀለለ፥ ዓመተ ምሕረቱ የተጻፈበት አንድ እፍኝ ዘርም ይሆናል። ያች እፍኝ እንዳትቋረጥ ለማድረግ በየዓመቱ አንድ ሰው በሰኔ መዝራት፥ በኅዳርም መልቀም ብቻ ይበቃዋል።

አምላከ ቅዱሳን ደብራችንን ይጠብቅልን፤ በጦርነቱ ያረፉትን ነፍሳቸውን ይማርልን፤ የክረምቱን ዝናም በልኩ፥ የመስከረሙን አበባ በጊዜው ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።